የኋላ ጎማዬ ተቀዷል፣ ሱቁ ያለው 27.5 ብቻ ነው፣ 26 ላይ ይገባል ወይ? አስቸኳይ

የጠባሴዋ፦ ሰላም ቤተሰብ ቶሎ መልሱልኝ። የማውንቴን ሳይክሌ የኋላ ጎማ ጎኑ ላይ ተቀዷል፣ ቅዳዱ የአውራ ጣት ያህል ነው፣ የውስጡ ላስቲክ አብጦ ብቅ ብሏል። የኔ ጎማ 26 ኢንች ነው፣ እዚህ ደብረ ብርሃን የጠየቅኩት ሱቅ ግን 27.5 ኢንች ብቻ ነው ያለው፣ ልጁ ችግር የለውም አጥብቀሽ ስትነፊው ይይዛል አለኝ፣ እኔ ግን ፈራሁ። ነገ በጠዋት ከአስፋልቱ ወጥቼ በኮሮኮንቹ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መሄድ አለብኝ። ይገባል አይገባም?

ጉም በጣርማበር፦ አይገባም። እንዳትገዢ።

ባለ 29፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። 26 እኮ ጊዜው አልፎበታል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በማውንቴን ሳይክል ውድድር የወንዶቹ ወርቅ የተወሰደው በ29 ነው፣ ብሩ በ27.5። ትልቅ ጎማ ድንጋዩን ቀለል አርጎ ነው የሚሻገረው፣ ጉድጓድም ቶሎ አይውጠውም። ሽጪውና 29 ግዢ።

የመንዝ ልጅ፦ ሃሃሃ ልጅቷ ነገ ጠዋት ክፍል መግባት አለብኝ እያለች አንተ ለንደን ወሰድካት። እህቴ ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጠሽ በቅዳዱ በኩል ከውስጥ በጎማውና በላስቲኩ መሀል አስገቢ፣ ጠርዙን በቢላ አሳሺው እንዳይቆርጠው፣ ትንሽ ቀነስ አርገሽ ንፊው። ለነገ ያደርስሻል።

ጋሽ ጎሚስታው፦ ልጄ ተረጋግተሽ አንብቢኝ። ኢንቹን ተይው፣ ትክክለኛው ልክ ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተጻፈው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 50-559 ካለ 50ው የጎማው ውፍረት በሚሊሜትር ነው፣ 559 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር። የማውንቴን 26 ማለት 559 ነው፣ 27.5 ማለት 584፣ 29 ማለት 622። ስለዚህ የሱቁ ጎማ ካንቺ ቸርኬ በ25 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ብትነፊው ጎማው ከቸርኬው ይወጣና ላስቲኩ ሾልኮ ይፈነዳል። ደሞ 26 የተባለ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ፣ የድሮ የከተማ ሳይክሎች ላይ 26 በ 1 3/8 የሚባል አለ፣ እሱ 590 ነው፣ አገኘሁልሽ ብለው እሱን እንዳያስይዙሽ።

የጠባሴዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቁጥሩን አየሁት፣ ጭቃውን ጠርጌ ነው፣ ግን ተፋፍቋል፣ ከሰረዙ በኋላ 55 ይልና የመጨረሻው አይነበብም።

ጋሽ ጎሚስታው፦ በቃ 559 ነው። ከነገርኩሽ ውስጥ በ55 የሚጀምር ሌላ የለም። ላረጋግጥ ካልሽ ጎማውን አውልቀሽ ቸርኬውን በሜትር ለኪው፣ ጠርዙ ጎማው ከሚቀመጥበት ትንሽ ከፍ ስለሚል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 57 ሴንቲ ገደማ ከመጣ እሱው ነው።

ባለ 29፦ እሺ ሳይክሉን አትሽጥ፣ ቸርኬውን ብቻ ወደ 29 ብትቀይረውስ?

ጉም በጣርማበር፦ ፍሬኗ ምን እንደሆነ ሳታውቅ? ቸርኬውን ከጎንና ከጎን የሚጨብጠው የላስቲክ ፍሬን ከሆነ አዲሱን ቸርኬ አይደርስበትም። ዲስክ ፍሬን (መሀል ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው) ቢሆን እንኳ ጎማው ፍሬሙ ውስጥ አይበቃም። ቢበቃም በዚያው ማርሽ ወደ 10 በመቶ ይከብዳታል፣ የኛን ዳገት ታውቀዋለህ። 29 የሚመርጥ ሰው ሙሉ ሳይክሉን ይግዛ፣ ለዚያውም ቁመቱ ረዘም ካለ። አጠር ላለ ሰው 27.5 ይመቻል። ያለው ሳይክል 26 ከሆነ ግን ትክክለኛው ልክ 26 ነው፣ ክርክር የለውም።

የጠባሴዋ፦ ፍሬኑ የላስቲኩ ነው።

ደብረሲና ቆላ፦ ወፍራም ጨርቅ ወይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከውስጥ አስገቢበት፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

የመንዝ ልጅ፦ እሱን እኮ ከላይ ብያለሁ ወንድሜ።

ጉም በጣርማበር፦ ለሜዳው ጥሩ ነው፣ ግን በተጠገነ ጎማ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና እንዳትወርጂ፣ በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ ቸርኬውን ያግላል፣ ላስቲኩም ሊፈነዳ ይችላል። የተጠገነው ጎማ ከኋላ ይሁን፣ የፊቱ ቢፈነዳ መሪውን መያዝ አትችዪም። አዲሱን ደሞ መርካቶ የሚሄድ ሰው ካለሽ 559 ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው፣ በቃል 26 ብለሽ አትላኪው።

አባ ሚኪ፦ እዚሁ ልጠይቅና፣ ለ10 ዓመት ልጅ 24 ልግዛለት 26? ያድጋል ብዬ ነው።

ጋሽ ጎሚስታው፦ በዕድሜው ሳይሆን በቁመቱ ግዛለት፣ ልጁን ይዘኸው ሂድ። ሳይክሉን አንፈራጦ ቆሞ ሁለቱም እግሩ መሬት ካልያዘ ይተልቅበታል። 24 ከሆነ ቁጥሩ 507 ነው፣ ለጎማው ያዘው።

የመንዝ ልጅ፦ የጠባሴዋ፣ ቁራጩ ያዘልሽ?