ላም ማገጥ ግጣ ሆዷ ሲነፋ ግሳቱ ለምን አይወጣም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሲወጣ ማገጥ (ባለ ሦስት ቅጠሉ የከብት መኖ) የበዛበት መስክ ላይ የሚውሉ ላሞች ግራ ጎናቸው ይነፋል። ላም ቀኑን ሙሉ ስታገሳ ነው የምትውለው፤ ያኔ ታዲያ ጋዙን ምን ይይዘዋል? አንዱ ዘይት አጠጣ ይላል፣ ሌላው በቢላ ውጋ። እህል በዝቶባት የሚመጣውስ ያው ነው?

መልስ 1፦
ግራ ጎን ላይ የሚነፋው ትልቁ ጨጓራ፣ ሩመን ነው። ባደገች ላም ከ100 እስከ 200 ሊትር ይይዛል፤ የራሱን የማድቀቂያ ጭማቂ ግን አያመነጭም። ሣሩንና ገለባውን የሚያብላሉት ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችና ፕሮቶዞዋዎች (በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን) ናቸው። እነሱ የሚያወጧቸው አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲዶች በጨጓራው ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ የላሟ ጉልበት በአብዛኛው ከዚያ ነው። አብሮ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን በቀን በመቶዎች ሊትር ይቆጠራል። ጨጓራው በደቂቃ አንድ ሁለት ጊዜ እየተኮማተረ ጋዙን ወደ ጉሮሮ በር ይገፋዋል።

ለጋ ማገጥ (አልፋልፋም እንዲሁ) ቶሎ የሚሟሟ ፕሮቲን አለው። በዚህ የተነሳ ጋዙ ከላይ በመሰብሰብ ፈንታ ከፈርሱ ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል። የጉሮሮው በር ደግሞ አረፋ ወይም ፈሳሽ ሲነካው ለግሳት አይከፈትም፤ ቢከፈትማ ፈርሱ ወደ ሳንባዋ ይገባ ነበር። የምትሞተውም ሆዷ ፈንድቶ ሳይሆን ጨጓራው ድያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ገፍቶ ትንፋሽ ሲያሳጣት ነው።

መልስ 2፦
ዘይቱ የሚሠራው አረፋውን ስለሚሰብር ነው። ላደገች ላም ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት፣ የኑግም ይሁን የሱፍ። የጠርሙሱን አፍ በጉንጯ በኩል አስገብታችሁ በትንሽ በትንሹ አፍስሱ። ራሷን ሽቅብ ማቅናትና ምላሷን መጎተት ክልክል ነው፤ ዘይቱ ሳንባ ከገባ ከንፋቱ ብትተርፍም የሳንባ ምች ይገድላታል። ከዚያ የፊት እግሮቿ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁኑ፣ ወይም አንቀሳቅሷት። ሐኪም ቱቦ ሲያስገባ ጋዙ ወዲያው ከተነፈሰ ነገሩ አረፋ አልነበረም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ የተቀረቀረ ድንች ወይም ሌላ ነገር ካለ ይፈለግ።

ቢላ የመጨረሻው ነው፤ ወድቃ፣ ምላሷን አውጥታ በአፏ ስትተነፍስና ሐኪም የማይደርስ ሲሆን ብቻ። ቦታው በግራ፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌዋ አጥንት መካከል ነው። ቀጭን መሣሪያ በአረፋ ይደፈናል፤ ሰፊ ቀዳዳ ደግሞ ፈርስ ወደ ሆድ ዕቃ አፍስሶ ያመረቅዛል። ዘይት ሳይሞከር ቢላ የሚያነሳ ሰው አይገባኝም።

መልስ 3፦
የእህሉ ነገር ሌላ ነው። ስታርቹ በአንዴ ሲብላላ ላክቲክ አሲድ ይበዛል፤ ከ6 እስከ 7 የነበረው የጨጓራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 በታች ይወርዳል። ደህና ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች፤ ምራቁ ባይካርቦኔት ስላለው አሲዱን ያበርደዋል። ምራቁ የሚበዛው ግን ስታመሰኳ ነው፤ እህል ብቻ የበላች ላም ደግሞ ብዙ አታመሰኳም። ምልክቱ መብል መተው፣ የሚጎመዝዝ ሽታ ያለው ቀጭን እበት፣ ሲቆይም የሰኮና ሕመም ነው። ዘይት እዚህ ምንም አይፈይድም፤ ሐኪም ጥሩ። እህልም ፉርሽካም የሚጨመረው በሁለትና ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስኩ ላይ ከማሰማራት በፊትስ?

መልስ 2፦
በባዶ ሆዷ አትልቀቋት። ድርቆሽ ወይም ጭድ ቀድማ ትብላ፣ ጤዛው ይርገፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለአጭር ሰዓት ብቻ ትጋጥ።