ጭራዋን የምታወዛውዘው ቢጫ ወፍ ምንድን ናት?

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እናቴ ጤፍ ስታበጥር ግርዱን አትጥልም፤ ጓሮ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትበትነዋለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ሲጠና፣ ያ ድንጋይ ጠዋት ጠዋት ገበያ ነው። እኔም ቡናዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ቁጭ ነው።

ብዙዎቹን ለይቻለሁ። ሆዳቸው ሰማያዊ የሆኑት ድንቢጦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ጉንጩ ላይ ቀይ ያለበት ወንዱ ነው፤ ሴቷ የላትም። ዋኖስ ሲያርፍ ትንንሾቹ ቦታ ይለቃሉ። ጋጋኖ ደግሞ ግርዱን ትቶ ሳሩን በዚያ ረጅም ምንቃሩ እየወጋ ትል ይለቅማል። ጩኸቱን ተዉት፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

የቸገረችኝ አንዷ ናት። ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋ ረጅም። እንደ ድንቢጥ አትዘልም፣ ትራመዳለች። ጭራዋን ደግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግ አይሰለቻትም። ግርዱን ዞር ብላም አታየው! ክረምት ላይ የለችም። ጥቅምት ሲገባ ትመጣለች፣ ፋሲካ አካባቢ ትጠፋለች። ምንድን ናት? ምንስ ፈልጋ ነው የምትመጣው?

ቦርከና፦
እህቴ፣ እኛ ኮምቦልቻም ሞልታለች። ሜዳ ላይ በመንጋ ሆና ከላሞቹ እግር ስር ዝንብ ትለቅማለች። ፈረንጆቹ የሎው ዋግቴይል ይሏታል። አውሮፓ ሲበርድ ነፍሳቱ ስለሚጠፉባት ነው ወደ አፍሪካ የምትወርደው። እህል አትበላም። ግን ብርድ ሸሽቶ ደሴ የሚመጣ ፍጡር አለ እንዴ? ሃሃ፣ ወደ ቆላው ወደኛ ላኪያት።

ሸርፍ ተራ፦
ቀስ በል ወንድሜ። የሚመሳሰሉ ሁለት አሉ። የሆጤዋ፣ እግሯን እዪ። ጥቁር ከሆነ እሱ ያላት ናት፤ የዚያችኛዋ ጀርባ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እግሯ ፈዘዝ ያለ፣ ሥጋ መሰል ከሆነ ግን ግሬይ ዋግቴይል የሚሏት ናት። የእሷ ጀርባ አመድማ ነው፣ ጭራዋም ይበልጥ ይረዝማል። ቢጫው በደንብ የሚደምቀው ጭራዋ ስር ነው። እሷም ከሰሜን የምትመጣ እንግዳ ናት፤ ደጋ ላይ ወራጅ ውሃ ዳር ትውላለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን። መጽሐፍ ላይ ጉሮሮው ጥቁር የሆነ ወንድ ብታዪ ግራ አትጋቢ፤ ያ የመራቢያ ጊዜ ቀለሙ ነው። ጓሯችሁ ውሃ አለ?

የሆጤዋ፦
እሷው ናት! ሁሌም ብቻዋን ነው የማያት፣ ጀርባዋም አመድማ ነው። ቧንቧው ስር እቃ የምናጥብበት ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ ውሎዋ እዚያ ነው። እግሯን ዛሬ በስልክ ካሜራ አጉልቼ አየሁት፣ ፈዛዛ ነው። ለእናቴ "ያንቺን ግርድ ሳይሆን ዝንብ ፈልጋ ነው" ብላት "በይ እንግዲያ ቦዩን አትጥረጊው" አለችኝ። ከሥራ ተገላገልኩ።

ቦርከና፦
አብሽሪ፣ አመንኩ። የኛዎቹ ግን እግራቸው ጥቁር ነው፣ አልለቅም። ነገ ሜዳው ላይ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።