ለቃለ መጠይቅ እጠራለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አላልፍም፤ ከቀጣሪም ከሥራ ፈላጊም ምክር እፈልጋለሁ

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራ አለኝ፤ ግን መቀየር እፈልጋለሁ። ሲቪዬ ላይ ችግር ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ሳመለክት ብዙ ጊዜ ይጠሩኛል። ነገሩ የሚበላሸው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ነው። ወይ ዝም ይሉኛል፣ ወይ ደግሞ «ጥሩ ነበርሽ፣ ለቦታው ይበልጥ የሚስማማ ሰው ስላገኘን ነው» የሚል መልእክት ይልኩልኛል። ምን እንደጎደለኝ ብጠይቅም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። «ከባድ ችግር ገጥሞሽ እንዴት እንደተወጣሽው ንገሪን» ሲሉኝ የሚፈልጉት ምን ዓይነት መልስ ነው? እኔ «ከባልደረቦቼ ጋር ተባብረን ፈታነው» እላለሁ፣ እውነትም እንደዚያ ነው። ሌላው፣ «አሁን ስንት ይከፈልሻል?» ሲሉኝ ልንገራቸው ወይስ ልተወው? መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝም ሲሉኝ ምን ያህል ጠብቄ ልጠይቅ? መጎትጎት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ።

ከቅጥር ክፍል

እህቴ፣ እኔ ከጠያቂዎቹ ወገን ነኝ፤ ሥራዬ ሰው መቅጠር ነው። ከተጠራሽ የትምህርትሽና የልምድሽ ጉዳይ አልፏል ማለት ነው። የቀረው ሌላ ነው።

ደንበኛ በሆነ ቃለ መጠይቅ እያንዳንዱ ጠያቂ ቅጽ ይይዛል። ቅጹ ላይ ለየጥያቄው ነጥብ አለ፣ ከነጥቡ ጎን ደግሞ «ለምን ይህን ነጥብ ሰጠህ?» የሚል ባዶ ቦታ አለ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ የምንከራከረው ያንን ወረቀት ይዘን ነው። «ተባብረን ፈታነው» ካልሽን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምን እንጻፍ? ሰው ወዳድ እንደሆንሽ ገብቶናል፣ ነጥቡ ግን መካከለኛ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የገባው ሰው እንዲህ አለ እንበል፦ «የወሩ ሒሳብ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘጋ ነበር። ስፈትሽ የባንክ ሒሳብ ከመዝገባችን ጋር እየተነጻጸረ የሚታረቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። በየሳምንቱ እንዲታረቅ አለቃዬን አሳመንኩ፣ ቅጹን እኔ አዘጋጀሁ፣ ከዚያ በኋላ መዝጊያው በግማሽ አጠረ።» ይኼ ሰው የምንጽፈው ሰጠን። ምናልባት ሥራውን ካንቺ በተሻለ አያውቅ ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ ግን በልጦሻል።

ስለዚህ መልስሽ አራት ነገር ይያዝ፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንቺ ኃላፊነት የቱ ነው፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ውጤት መጣ። ስታር የሚሉት ዘዴ ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁኔታውን ሲተርክ ጊዜው ማለቁ ላይ ነው። ማን ለማን ምን አለ፣ ቢሮው እንዴት ነበር፣ ይህ ሁሉ አያስፈልገንም። ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሺና «ያደረግሁት» ላይ ቆዪ።

«እኛ» ማለትሽ ትሕትና ነው፣ አልነቅፈውም። ግን የሚቀጠረው ቡድኑ አይደለም። «ቡድኑ እንዲህ ወሰነ፣ ከዚያ ውስጥ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብትዪ ትምክህትም አይሆን፣ የማንንም ድርሻ አልወሰድሽም።

ዝግጅቱ እንዲህ ነው። የቅጥር ማስታወቂያውን አንሺና ግሶቹን አስምሪባቸው፤ «ያዘጋጃል»፣ «ይቆጣጠራል»፣ «ያስተባብራል» የሚሉትን። ለእያንዳንዳቸው ከሥራሽ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ፈልጊ። አምስት ወይም ስድስት ገጠመኝ በደንብ ካሰብሽበት ለአብዛኛው ጥያቄ ይበቃል፣ አንዱ ገጠመኝ ለሦስት ዓይነት ጥያቄ ይሆናልና። ከመሃላቸው አንዱ ያጠፋሽው ነገር ይሁን። «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» የሚለውን መልስ እኛ ስንሰማው ኖረናል፣ ማንም አያምነውም። ቃል በቃል ግን አትሸምድጂ። የተሸመደደ መልስ ከሩቅ ይታወቃል፣ አንድ ተከታይ ጥያቄ ስንጨምርበትም ይፈርሳል።

ብዙ የተጠየቀው

ከላይ ያለው ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ቅጽ ይዞ የሚጠብቅሽ እንዳይመስልሽ። እኔ የገጠሙኝ አብዛኞቹ አለቆች ሲቪዬን የሚያነቡት እኔ ፊታቸው ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። «እስኪ ስለ ራስህ ንገረኝ» ይሉና ከዚያ ስለ ራሳቸው ያወራሉ። ዝም ብለሽ ከሰማሽ ደስ ብሏቸው ትለያያላችሁ፣ በማግስቱ ግን ስምሽ ትዝ አይላቸውም።

እንደዚህ ዓይነቱ ሲገጥምሽ ጥያቄውን አንቺ አንሺው፦ «እዚህ ቦታ የሚቀጠረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲፈታላችሁ የምትፈልጉት ችግር የቱ ነው?» ይነግሩሻል፣ መናገር ይወዳሉ። ከዚያ ካዘጋጀሻቸው ገጠመኞች ለዚያ ችግር የሚቀርበውን አውጪ።

አነስተኛ ድርጅት ያለኝ

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሃል ልግባ። እላይ የተነቀፍኩት አለቃ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሒሳብ የሚይዝልኝ ሰው ልቀጥር ነው፣ የሰው ሀብት ክፍል የሚባል ነገር የለኝም። ሰውን ለግማሽ ሰዓት ካነጋገርኩት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይገባኛል ብዬ ነው የማምነው። ቅጽ፣ ነጥብ፣ ይህ ሁሉ ለትልልቅ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ?

ከቅጥር ክፍል

ኧረ በደንብ ይግቡ እንጂ፣ የእርስዎ ጥያቄ ለእህታችንም ይጠቅማታል።

በግማሽ ሰዓት ወሬ የሚያውቁት ሰውየው ጨዋታ አዋቂ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ85 ዓመት ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የትኛው የመምረጫ ዘዴ የሰውን የኋላ የሥራ ውጤት አስቀድሞ ያሳያል ብለው መረመሩ። በ2022 ደግሞ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ያንን ስሌት እንደገና ፈትሸው አስተካከሉት። በአዲሱ ስሌት አንደኛ የወጣው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበትና መልሱ በነጥብ የሚለካበት ቃለ መጠይቅ ነው፤ ፍጹም ግምት 1 ቢሆን 0.42 አገኘ። እንዲሁ በጨዋታ የሚካሄደው 0.19 ላይ ቀረ። የሥራ ዓመት ብዛት ደግሞ ጭራሽ 0.07። ማስታወቂያ ላይ «አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ» ብለን በር የምንዘጋው ሰዎች ይህን ቁጥር ደጋግመን ብናየው አይከፋም።

ነጥብ መስጠት ትልቅ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ማስታወቂያውን ከማውጣትዎ በፊት ሰውየው የግድ ሊችላቸው የሚገቡ አራት ነገሮችን ይጻፉ፤ ቢኖረው ጥሩ የሚሉትን ለብቻው ያድርጉት። ለአራቱ አራት ጥያቄ ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል፣ ደካማው ምን እንደሚመስል ሰው ሳይገባ በፊት ያስቀምጡ። ለሁሉም በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይጠይቁ። አብሮዎት የሚጠይቅ ሰው ካለ ሁለታችሁም ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ጻፉ። ይኼኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ግን አለቃው ቀድሞ «ወድጄዋለሁ» ካለ የሌላው ነጥብ እዚያው ያበቃል።

ከቃለ መጠይቁ ጋር ደግሞ ሥራውን አሠርተው ማየት ጥሩ ነው። አንድ ገጽ የባንክ መግለጫና አንድ ገጽ መዝገብ ይስጡት፣ ሆን ብለው ጥቂት ስህተት ይክተቱበትና «የማይገጥመውን ፈልግ፣ ለምን እንዳልገጠመም ጻፍ» ይበሉት። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ይሁን። የድርጅትዎን እውነተኛ የዓመት ሒሳብ ሰጥተው «ፈተና» ቢሉት ግን ያ ነፃ ጉልበት ነው፤ ረዘም ያለ ሥራ ካሠሩ ይክፈሉ።

እንቆቅልሽ መጠየቅም ይቅርብዎት። ጉግል በእንቆቅልሽ ጥያቄዎቹ ስሙ የገነነ ነበር። በ2013 ግን የሰው ሀብት ኃላፊው የነበረው ላዝሎ ቦክ ራሱ ጊዜ ማባከን ናቸው፣ ማን ጥሩ ሠራተኛ እንደሚሆን አያሳዩም ብሎ ተናገረ።

ደመወዝ ላይ የማልስማማው

ሁለተኛውን ጥያቄ ሁሉም ዘለለው፣ እኔ ልመልስ።

ያለፈ ደመወዝ የሚጠየቀው አዲሱን ዝቅ አድርጎ ለመጀመር ነው። አንዴ ዝቅ ብሎ የተቀጠረ ሰው ዕድሜ ልኩን ዝቅ ብሎ እንዲኖር ስለሚያደርግ ክልከላ የመጣባቸው አገሮች አሉ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ሕጉን አወጣች፣ ከ2018 ጀምሮ ሠራ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው መመሪያም ቀጣሪ ያለፈ ደመወዝ እንዳይጠይቅ፣ ይልቁንም የመደበውን ክፍያ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ አባል አገራቱ በየሕጋቸው እንዲያስገቡት የተሰጣቸው ቀን ጁን 7 ቀን 2026 ነው፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። አንቺ ያለሽበት አገር ሕግ ይህን ባይልም እንኳ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «የአሁኑ ሥራዬ ኃላፊነት ከዚህኛው ይለያል። ለዚህ ቦታ ከስንት እስከ ስንት መድባችኋል?»

ከገፉሽ የምትፈልጊውን ተናገሪ እንጂ የምታገኚውን አጋነሽ አትናገሪ። የደመወዝ ማስረጃ አምጪ ካሉሽ ከውሸት ጋር ትያዣለሽ። «ከዚህ እስከዚህ» ብለሽ ከመለስሽ ደግሞ የሚሰሙት የታችኛውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የታችኛው ራሱ የሚያስደስትሽ ቁጥር ይሁን።

ከቅጥር ክፍል

በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። በመጀመሪያው ስልክ ላይ ቁጥሩን መነጋገር ለሁለታችንም ይጠቅማል፣ መጨረሻ ላይ ደርሰን ከመለያየት። ግን አዎ፣ ቀድሞ መናገር ያለበት ቀጣሪው ነው። ክፍያውን የማይጽፍ ማስታወቂያ የማይገናኙ ሰዎችን ያገናኛል።

ስለ ዝምታው ልንገርሽ። ብዙ ጊዜ ዝም የምንለው አንደኛ የወጣው ሰው ገና ስላልፈረመ ነው። እሱ እምቢ ቢል ሁለተኛዋን እንጠራለን ብለን «አልተመረጥሽም» የሚለውን መልእክት እናዘገያለን። ደስ አይልም፣ ግን አሠራሩ እንዲህ ነው። ስለዚህ ዝምታ ሁልጊዜ «አይ» ማለት አይደለም።

ከቃለ መጠይቁ ሳትወጪ «ውሳኔው መቼ ይታወቃል?» ብለሽ ጠይቂ። ቀኑ ካለፈ ሁለት የሥራ ቀን ጨምሪና አጭር መልእክት ላኪ፦ «ባለፈው ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ለቦታው ያለኝ ፍላጎት እንዳለ ነው። ውሳኔው የት እንደደረሰ ብታሳውቁኝ።» ይኸው ነው። መልስ ካጣሽ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ድገሚው፣ ከዚያ ተዪው። አስተያየት ስትጠይቂም «ምን አጠፋሁ?» አትበዪ፤ ሰው ክርክር ይፈራል። «ለሚቀጥለው የትኛውን ችሎታ ባጠናክር ይሻላል?» ብትዪ የሚመልስልሽ ይበዛል።

የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስገቢ። በቃል «ተቀጥረሻል» ተብሎ በጀት የታጠፈበት ሰው አውቃለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰሞኑን አንድ አገናኝ ነኝ ባይ ሳያነጋግረኝ «ተመርጠሻል፣ የመመዝገቢያ ላኪና ደብዳቤውን እንልክልሻለን» አለኝ።

ብዙ የተጠየቀው

አትላኪ! ሳያዩሽ መረጡሽ? የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 181ኛው ስምምነት የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይወስዱ በመርሕ ይከለክላል። የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም የሚፈቅደው መንግሥት ነው፣ በመልእክት የመጣ ሰው አይደለም። የመታወቂያሽን ቅጂም እንዳትሰጪው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ጠያቂ)

እሺ፣ አልልክም። አሁን መልሴን እንደ ምክራችሁ ሞከርኩት፣ እዩልኝ፦

«ዕቃ አቅራቢዎች አንድን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እያስገቡ ክፍያ ይደገም ነበር። ክፍያ ማጣራት የእኔ ኃላፊነት ነበር። አሠራሩን አስተካከልኩ፣ ከዚያ በኋላ ድግግሞሹ በጣም ቀነሰ።»

አነስተኛ ድርጅት ያለኝ

እኔ ብሆን አሁን ከቀጣሪዎቹ ጋር ሆኜ «እንዴት አስተካከልሽው?» ብዬ እጠይቅሽ ነበር። ዋናው እሱ አይደለም ወይ?

ከቅጥር ክፍል

እርስዎ ቅጽ መያዝ ጀምረዋል ማለት ነው! እህቴ፣ ልክ ናቸው። «አሠራሩን አስተካከልኩ» የሚለው ውስጥ ሥራሽ ሁሉ ተደብቋል። የደረሰኝ ቁጥር መመዝገቢያ አወጣሽ? ቁጥር ሲደገም የሚያስጠነቅቅ ነገር ሠራሽ? ከማን ጋር ተነጋገርሽ፣ ማን ተቃወመሽ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ጠያቂ)

«የአቅራቢውን ስምና የደረሰኙን ቁጥር አንድ ላይ የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ በኤክሴል ሠራሁ፤ ከዚህ በፊት የገባ ከሆነ ቀይ ያበራል። ግዢ ክፍሉ ሥራ ይጨምርብናል ብሎ ተቃወመ። የአንድ ወር ክፍያ ይዤ ሄጄ የተደገመውን አሳየኋቸው፣ ከዚያ ተስማሙ።» ውጤቱን በቁጥር ማስታወስ ግን አልቻልኩም።

ከቅጥር ክፍል

አሁን የምጽፈው አገኘሁ። ግዢ ክፍሉን ያሳመንሽበትን አትዝለዪው፣ ከሰንጠረዡ ይበልጣል። ቁጥሩን ካላስታወስሽ «በወር ብዙ ጊዜ ይገጥም የነበረው አልፎ አልፎ ሆነ» በይ፣ ይበቃል። ያልነበረ ቁጥር ግን አትፍጠሪ፤ ወደ ቀድሞ አለቃሽ ስንደውል መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው።