የእድራችን የስፖርት ዕቅድ፦ ካናቴራ ይቅደም ወይስ ላስቲክ?

ጸሐፊ፦ ባለፈው የተነሳው ረቂቅ ይኸው። «የእድሩ አባላት ዘወትር እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ተገናኝተው የእግር ጉዞ ያደርጋሉ። ለሁሉም ካናቴራ ይታተማል።» አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

ነርሷ፦ ጉዞውን ማን ይጠላል? ግን በሳምንት አንዴ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ ይመከራል። ሩጫ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ይበቃል። ፈጠን ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዘመር ግን የማይቻልበት ነው። (የእኛ ሰዎች ወሬው ላይ ችግር የለባቸውም።)

ሁላችንም የምንዘለው ሌላ ነገር አለ። ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን። እርምጃ ለልብና ለግፊት ጥሩ ነው። ስኳርም ይቀንሳል፣ በተለይ ከምግብ በኋላ ከሆነ። ነገር ግን ከደም ውስጥ ስኳሩን በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ይመነምናል። አጥንትም ሸክም ሲያገኝ ነው የሚጠነክረው። ከ65 በላይ ለሆኑት ሚዛን መጠበቂያ 3 ቀን ይጨመርበታል፤ መውደቅን ይቀንሳልና።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብረት አንሣ ልትይኝ ነው? ዋና ይሻለኛል። ሐይቁ ደጃችን አይደል?

የጀልባው ልጅ፦ ጋሼ፣ ሐይቁ ጉማሬ አለበት! እሱ ባይኖር እንኳ ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያ የሚያስይዝ ትል አለ። ቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው።

ነርሷ፦ እውነቱን ነው። ዋና ጉልበት ለሚያመው ሰው ግሩም ነው፤ ውኃው ክብደቱን ይሸከምለታል። ለአጥንት ግን የእርምጃን ያህል አይሆንም። አቅሙ ያለው የሆቴል ገንዳ ይሂድ፣ ሐይቁን ለዓሣው እንተውለት። ብረትም አላልኩም፣ ጋሼ። ወንበር ይዘው ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፈው ፑሽ አፕ፣ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልተው ማንሳት ይበቃል። ሲቀልዎት አሸዋ ይሙሉበት። ትንፋሽዎን ግን አይያዙ፤ ግፊት ያወጣል። ለሚዛኑ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ነው።

ባጃጅ ነጂው፦ እኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነኝ፣ ወገቤ አለቀ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ተሳፋሪ አለ። ልቅር ማለት ነው?

ነርሷ፦ አትቅር። ተራ ስትጠብቅ ውረድ፣ ተራመድ። ድሮ ከ10 ደቂቃ በታች አይቆጠርም ይባል ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል። እያንዳንዷ ደቂቃ ትደመራለች።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት የጡንቻውን እንጨምር? ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ትቻቸዋለሁ። ቦታው ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከፈቀዱልን።

ገንዘብ ያዥ፦ እስማማለሁ። ግን ካናቴራም ለጡንቻው እንቅስቃሴ የሚሆን ላስቲክም አንድ ላይ መግዛት አንችልም። የካናቴራው ብር ለመለጠጫ ላስቲክና ለአንድ ግፊት መለኪያ ይዋል።

የወጣቶች ተወካይ፦ ካናቴራ ከሌለ ወጣቱ አይመጣም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ታቦር ተራራ መውጣት ይጨመርልን፣ ካናቴራውን በየግላችን እናሳትማለን።

ነርሷ፦ ታቦር ለጉልበታሞች ብቻ። መውጣቱ ልብ ነው የሚፈትነው፤ ጉልበት የሚጎዳው መውረዱ ላይ ነው። ሁለት ነገር ደግሞ ረቂቁ ውስጥ ይጻፍልኝ። ግፊቱ ከ180/110 በላይ የሆነ ሐኪም ሳያየው አይጀምርም። ኢንሱሊን የሚወስድ በባዶ ሆዱ አይመጣም፣ ኪሱ ውስጥም ከረሜላ ይያዝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ወንበሯ ካለች እኔ አለሁ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ «እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ፍቅር ሐይቅ የእግር ጉዞ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት የጡንቻና የሚዛን እንቅስቃሴ። ታቦር በወር አንዴ፣ ለሚችል። ላስቲክና ግፊት መለኪያ ከእድሩ፣ ካናቴራ በግል። ነርሷ ያለቻቸው ሁለት ጥንቃቄዎች ይካተታሉ።» ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ማኅተሙ ሰብሳቢው ጋ ነው፣ ነገ ማን ያመጣልኛል?

ባጃጅ ነጂው፦ እኔ በዚያው አልፋለሁ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።