እንግሊዝኛ ለማስተማር የትኛው የቻይና ከተማ ይሻላል፤ ጓንዡ፣ ቼንግዱ ወይስ ኩንሚንግ?

መምህር ዘሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን የአሜሪካ ዜግነት ኖሮኝ ሜሪላንድ ውስጥ የምኖር መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ከሌላ አገር ለመጡ ልጆች እንግሊዝኛ በማስተማርም 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በመጪው መስከረም ቻይና ሄጄ ለመሥራት አስቤ ባመለከትሁባቸው ቦታዎች ሦስቱ ተቀብለውኛል። አንዱ ጓንዡ የሚገኝ የግል የቋንቋ ማሠልጠኛ ሲሆን በወር 23,000 ዩዋን ይከፍላል፤ ሁለተኛው ቼንግዱ ያለ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ 19,000 ዩዋን ይሰጣል፤ ሦስተኛው ኩንሚንግ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደመወዙ 10,000 ዩዋን ብቻ ሆኖ መኖሪያ ቤቱን ራሱ ይሸፍናል።

ስለ ከተሞቹ ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ ስለ ፎቅና ስለ ምሽት መዝናኛ የሚያወራ በመሆኑ ለእኔ ብዙም አልረዳኝም። ላጤ ነኝ፣ አልጠጣም፣ አጽዋማትን እጾማለሁ፤ አዲስ አበባ ያሉትን እናቴን ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማየት አለብኝ። ብርድ ለምጃለሁ፤ ወበቅ ግን ያመኛል። ጥቁር መሆኔ በሥራም ሆነ በመንገድ የሚያስከትለው ነገር ካለም ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

የጓንዡ ነዋሪ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ጓንዡ የኖርሁት በንግድ ነው፤ ይሁንና በማስተማር የሚተዳደሩ ወዳጆች ስላሉኝ የማውቀውን ላካፍልዎ። ከሦስቱ ከተሞች ለሐበሻ ኑሮ የሚቀልለው ጓንዡ ነው ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ በቀጥታ አዲስ አበባ ያደርስዎታል፤ ሽሮና በርበሬ ይዞ የሚመጣ መንገደኛም አይጠፋም። ሺያኦቤይ የሚባለው ሰፈር ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ነጋዴዎች ሲወጡና ሲገቡበት ስለኖረ፣ እዚያ ጥቁር ሰው ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ይህን ስል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በወረርሽኙ ሰበብ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ተባርረው ጎዳና ላይ ማደራቸውን ረስቼው አይደለም። ያ ጊዜ አልፏል፤ ያየነው ሰዎች ግን ከአከራይ ጋር ስንዋዋል ዛሬም ትዝ ይለናል።

ወበቅ ያመኛል ማለትዎ ግን አሳስቦኛል። የሞቃቱን ወራት ሙቀት ማቀዝቀዣ ከፍተው ያሳልፉታል፤ የሚያስመርረው በየካቲትና በሚያዝያ መካከል እየተመላለሰ የሚመጣው፣ የአገሩ ሰዎች ‹‹ሁዪናንትየን›› የሚሉት ወቅት ነው። ከደቡብ ባሕር የሚነፍሰው እርጥብ አየር በብርዱ ወራት ቀዝቅዞ የቆየውን ግድግዳ ሲያገኝ ግድግዳው እንደ ሰው ያልበዋል፣ ወለሉ ውኃ ያዝላል፣ የተሰጣ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። በመጀመሪያው ዓመት ከቤት የተላከልኝን በርበሬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው፣ ከፍቼ ባየሁት ጊዜ ነጭ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በርበሬዬ የሚያድረው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ሌላው ነገር ማሠልጠኛው ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ‹‹ድርብ ቅነሳ›› የተባለውን መመሪያ ካወጣ በኋላ፣ እስከ 9ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች እንግሊዝኛን ጨምሮ መደበኛ ትምህርቶችን ለትርፍ ማስጠናት ተከልክሏል፤ በቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልና በዕረፍት ወራት ማስጠናትም እንዲሁ። ብዙ ተቋማት በዚያ ሰሞን ተዘግተዋል። አንድ ወዳጄ ጠዋት ሥራ ሲገባ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ጠበቀው፤ የሁለት ወር ደመወዙንም እስከ ዛሬ አላገኘም። ከተረፉት መካከል ለአዋቂዎች ብቻ የሚያስተምሩ አሉ፤ እንግሊዝኛውን ድራማ ወይም ሥነ ጥበብ ብለው ሰይመው የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ የእርስዎ ቀጣሪ ፈቃዱ ምን ማስተማርን እንደሚመለከትና ተማሪዎቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሥራውም በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች በሚያርፉበት በማታና በሰንበት ነው።

ላኦሺ ከቼንግዱ፦

እኔ ቼንግዱ 5 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ‹‹ላኦሺ›› ማለት መምህር ማለት ነው፣ ተማሪዎቼ ከስሜ ይልቅ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

ወንድሜ፣ ብርድ ለምጃለሁ ያሉት የአሜሪካን ብርድ ነው። እዚያ ውጭው በረዶ ቢሆን ቤቱ ይሞቃል። ቻይና ውስጥ ግን መንግሥት በቧንቧ ወደየቤቱ የሚልከው ማሞቂያ የሚሠራው ከቺን ተራሮችና ከኋይ ወንዝ መስመር በስተሰሜን ነው፤ ቤጂንግ ውስጥ ከኅዳር 6 ገደማ እስከ መጋቢት 6 ገደማ ይለቀቃል። የእርስዎ ሦስት ከተሞች ሁሉም ከመስመሩ በስተደቡብ ናቸው። ቼንግዱ በጥር ወር ከውጭ ሲታይ ያን ያህል የከፋ ብርድ የለውም፤ ሆኖም ሰማዩ ለሳምንታት ደመና እንደ ለበሰ ይቆያል፣ እርጥበቱ አጥንት ይገባል፣ ክፍል ውስጥ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የማስተምረው። በሰሜን ቻይና ሃርቢን ከተማ ያለች ጓደኛዬ ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ እሷ ቤቷ ውስጥ በእጅጌ አልባ ሸሚዝ ስትቀመጥ በስልክ እያየሁ እቀናለሁ።

ስለ ጾሙ በደንብ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም እኔም ብዙ ተሳስቼበታለሁ። ቼንግዱ ያለችበት የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ምግቡ የሚያቃጥል በመሆኑ ለእኛ አፍ ይስማማል፤ ‹‹ኋጂያኦ›› የሚሉት ፍሬ ምላስ ማደንዘዙን እስኪለምዱት ነው ችግሩ። ነገር ግን የአትክልት ምግብ ብለው ያዘዙት ሁሉ የጾም አይደለም። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት የተጠበሰ ፎሶሊያ አዝዤ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው የተከተፈ የዓሣማ ሥጋ እንዳለበት ያየሁት፤ እዚህ ያን መጨመር እንደ ቅመም ይቆጠራል። አንዳንድ ቤቶች ቅጠላ ቅጠሉን ራሱ በዓሣማ ስብ ይጠብሱታል። ያዳነኝ ‹‹ሱ›› የምትለዋን ፊደል ማወቄ ነው፤ የቡዲስቶች የጾም ምግብ ማለት ናት። ቼንግዱ ዌንሹ በተባለው ገዳም ውስጥ እንዲህ ያለ ምግብ ቤት አለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አያስገቡም። እንቁላልን ግን ‹‹ሱ›› ብለው የሚቆጥሩ ስላሉ እሱን ለይተው ይጠይቁ።

ቀለምን በተመለከተ፣ ዲግሪና ልምድ ተሟልቶ እያለ ፎቶ ከተላከ በኋላ መልስ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ በእኔም ደርሷል። እርስዎ በቪዲዮ ተነጋግረው ካለፉ ይህን ደረጃ ተሻግረውታል። በመንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሣዎት፣ በሜትሮ አጠገብዎ ያለውን ወንበር ትቶ የሚቆም ይኖራል። ልጆቹ ግን ሌላ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ተማሪ የተሠራሁትን ሹሩባ በእርሳሷ ጫፍ ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች፤ በሳምንቱ ጓደኞቿን አስከትላ መጥታ ለመሠራት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ።

የኩንሚንግ ተማሪ፦

እኔ ኩንሚንግ ባለችበት በዩናን ክፍለ ሀገር ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ አስተማሪ አይደለሁም፣ ለምን እንዳልሆንሁም መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ፣ ደመወዙን በቁጥሩ ብቻ አያወዳድሩት። ጓንዡ ውስጥ ሥራ ቦታዎ አጠገብ ልከራይ ካሉ ከደመወዝዎ ብዙ ይሄዳል፣ ለመግባትም ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ ክፍያና መያዣ ይጠየቃሉ። የዩኒቨርሲቲው ቤት በግቢው ውስጥ ከሆነ ኪራይም ትራንስፖርትም የለብዎትም፤ በሳምንት የሚያስተምሩት ሰዓት እዚህ ካሉት የውጭ መምህራን እንዳየሁት ከ16 አይበልጥም። ገንዘብ ማጠራቀም ዋናው ዓላማዎ ከሆነ ግን ቼንግዱ ይበልጣል፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም።

ከተማዋን በተመለከተ፣ ኩንሚንግ ከባሕር ወለል በላይ 1,890 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ለአዲስ አበባ ልጅ አየሯ አዲስ አይሆንበትም። ዝናቡ በግንቦት ገብቶ በጥቅምት ይወጣል፤ የብርዱ ወራት ፀሐያማ ስለሆነ ማሞቂያ ባይኖርም ቀን ላይ በረንዳ ወጥቶ መሞቅ ይቻላል። ቻይና ከምታመርተው ቡና አብዛኛው ከዚሁ ከዩናን፣ በተለይ ከፑኤርና ከባኦሻን የሚመጣ ነው። ጥሬውን ገዝቼ በብረት ምጣድ እቆላለሁ፤ ይርጋ ጨፌን አያስረሳም፣ ጎረቤቶቼን ግን ሽታው ይጠራልኛል። ለፍልሰታ ጾም ደግሞ ከዚህ የተሻለ አገር አላውቅም፤ ነሐሴ የጫካ እንጉዳይ የሚጎርፍበት ወር ስለሆነ ገበያው በየዓይነቱ ይሞላል። በነጭ ሽንኩርትና በደረቅ ቃሪያ በደንብ መብሰሉን ብቻ ያረጋግጡ፤ ሳይበስል ከተበላ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዓይነት አለና።

እናትዎን ስለማየት፦ የዩኒቨርሲቲው የብርድ ወራት ዕረፍት ከቻይናውያን አዲስ ዓመት ጋር ስለሚያያዝ አብዛኛውን ጊዜ በጥር አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጀምራል። ለገና አይደርሱም፤ ፈተናዎን ቶሎ ካረሙ ለጥምቀት ሊደርሱ ይችላሉ። ከኩንሚንግ ቀጥታ በረራ ስለሌለ በቼንግዱ ወይም በጓንዡ በኩል ያልፋሉ።

አሁን ስለ ራሴ። የያዝሁት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በአብዛኛው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች ለሚመጡ ዜጎች ነው፤ በተማሪ ቪዛ በድብቅ ማስተማር ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፣ ነገሩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ይህን የምጽፈው ጥያቄውን የሚያነቡ እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎች ስለሚኖሩ ነው። እርስዎም ቢሆኑ በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ቀጣሪ ውጪ ማስተማር አይችሉም፤ የዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ትንሽ ስለሆነ በትርፍ ሰዓት የሚያማልልዎ አይጠፋም። ‹‹በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚህ እንቀይረዋለን›› የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ደግሞ ሁለተኛ አይደውሉለት፤ የሚገቡት ለሥራ በሚሰጠው በዜድ ቪዛ ነው፣ ከገቡም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያመለክታሉ።

መምህር ዘሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጓንዡው ማሠልጠኛ ስለ ፈቃዱና ስለ ተማሪዎቹ ዕድሜ ጽፌላቸው ነበር፤ ‹‹አይጨነቁ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው›› የሚል መልስ ስለ ላኩልኝ ትቼዋለሁ። በቼንግዱና በኩንሚንግ መካከል ግን አሁንም አልቆረጥሁም፤ የተማሪ ብድር ስላለብኝ 9,000 ዩዋን ልዩነት ቀላል አይደለም። ቼንግዱ ትምህርት ቤቱ ቤቱን አሳይቶኛል፤ በአየር ማቀዝቀዣው በኩል ሙቀትም ይሰጣል ይላሉ። ይበቃል? ሰነዶቼን ማረጋገጥስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ላኦሺ ከቼንግዱ፦

መኝታ ክፍሉን ያሞቃል፣ ሳሎኑን አያሞቅም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እግርዎ ሥር ካደረጉና የሚሞቅ ፍራሽ ልብስ ከገዙ ያልፋሉ። ሰነዱ ከቀድሞው ቀልሏል፤ ቻይና እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 7 ቀን 2023 ጀምሮ አፖስቲል የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሰነድ ማረጋገጫ ስለምትቀበል ቆንስላ ማመላለስ ቀርቷል። ዲግሪዎን ያስተማረዎት ተቋም ባለበት ስቴት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚገልጸውን የኤፍ ቢ አይ ማስረጃ ደግሞ ዋሽንግተን ያሳትማሉ። የሚያዘገየው ሁለተኛው ስለሆነ ከተማውን ሳይወስኑም ቢሆን አሻራዎን በዚህ ሳምንት ይስጡ።