የማጀቢያው ዜማ የማን ነው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ ትንሽ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለችኝ። ባለፈው ክረምት ሦስት የሰፈራችን ልጆች አጭር ፊልም ሊሠሩ ብለው ብር አጠራቸው። 40 ሺህ ብር ሰጠኋቸው፤ ለተዋንያኑም ልብስ አዋስኩ።

ማጀቢያውን የሠራችው አንዲት ክራር ተጫዋች ልጅ ናት። የቀዳነው እዚሁ ሱቄ ውስጥ ነው። ማታ ከዘጋን በኋላ የመኪና ጩኸት እንዳይገባ ጋቢዎቹን በሩና ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀልናቸው። አንዱ ጋቢ ቀዳዳው እስካሁን አለ፤ አልሸጠውም። ዜማውን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አሁን አንድ ድርጅት ዜማውን ለማስታወቂያ ልግዛ አለ። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ «ለፊልሙ የተሠራ ስለሆነ የሁላችን ነው» ይላል። እሷ ደግሞ «የደረስኩት እኔ ነኝ» ትላለች። የተስማማነው በአፍ ብቻ ነበር፤ አንዲት ወረቀት የለችም። ልጆቹ ከተኮራረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። እኔን ደግሞ አንጀቴን በላኝ።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አነበብኩ። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ይላል። ግን ፕሮዲዩሰሩ ማን ይባላል? ብር ያወጣሁት እኔ ወይስ የለፉት ልጆች? እኔ የሱቄ ስም መጨረሻ ላይ ከታየ ይበቃኛል፤ ከዜማው ሳንቲም አልፈልግም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ውል መጻፍ ይቻላል? እንዲህ ያለ ውል የተዋዋለ ካለ ምን ምን እንዳስገባ ይንገረኝ። የፊታችን ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ላገናኛቸው ቀጥሬያቸዋለሁ።