«ይከተልሽ» ወይስ «ይቅደምሽ»?

ፊደል ለቃሚ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ታናሽ እህቴን ቦሌ ሸኝተናት መጣን። ዲቪ ደርሷት ወደ ዋሽንግተን እየሄደች ነው። ይህን ስጽፍ ገና አየር ላይ ናት። ከቤት ስንወጣ አያቴ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እንዲህ አሏት፦ «በይ ሂጂ ልጄ። እግዜር ይከተልሽ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። በሰላም ያግባሽ።»

መጨረሻው ላይ የአክስቴ ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እማማ በአንድ ምርቃት ጉዞውንም ባሉንም!» እህቴ 29 ዓመቷ ነው፣ አላገባችም። አያቴ ግን አልሳቁም። «እሱም አይከፋም» አሉና መረቁን።

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። መኪና ውስጥ የ9 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ድንገት «እግዜር ለምንድነው ከኋላ የሚከተላት? መንገዱን አያውቀውም እንዴ?» አለ። ሁላችንም ዝም። ወንድሜ «ስታድግ ይገባሃል» ብሎ ገላገለን። እኔ አድጌያለሁ፣ አልገባኝም። እስቲ እርዱኝ። ለምን «ይቅደምሽ» አላሏትም? ጨርቁስ ከመንገድ ጋር ምን አገናኘው?

የቆሎ ተማሪ፦
ልጁን ሳሙልኝ። ጥያቄው የብዙ ሊቃውንት ጥያቄ ያስንቃል።

መልሱ መስክ ላይ ነው ያለው። የእኛ አገር እረኛ የት ነው የሚሄደው? ከኋላ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከብቶቹን ከፊቱ አድርጎ ይነዳል። «ነዳ» የሚለው ግስ ራሱ የኋላ ሰው ግስ ነው። ከፊት ያለ ይመራል ወይ ይጎትታል፤ ከኋላ ያለ ይነዳል። ስለዚህ አያትህ «ይከተልሽ» ሲሉ እግዜርን ጭራ አላደረጉትም። እረኛ ነው ያደረጉት። ዳዊትም «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብሎ የጀመረውን መዝሙር ሲጨርስ፣ ቸርነትህና ምሕረትህ «ይከተሉኛል» ይላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ 23ኛ ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ በግእዙ ዳዊት 22ኛው።

ባሕር ማዶ፦
የኔታ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እዚያው መዝሙር ውስጥ «ይመራኛል» የሚልም አለ። የዳዊት እረኛ ከፊት ነው የሚሄደው። እኛ ቤት፣ ጴንጤዎቹ ማለቴ ነው፣ ሰው ስንሸኝ «ጌታ ይቅደምልሽ» ነው የምንለው። «ምሪት» የሚለው ቃልም አፋችን ላይ ነው። «ምሪት አግኝቼ ነው ሥራ የቀየርኩት» እንላለን። ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ሲሰማው ትንሽ ይገረማል መሰለኝ፤ ግን «መራ» ከሚለው የወጣ ጥሩ አማርኛ ነው።

አገር አቋራጭ፦
እኔ 31 ዓመት የሕዝብ ማመላለሻ ነድቻለሁ። የተማርኩ አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። መኪናው ውስጥ እኔ የምይዘውም «መሪ» ነው የሚባለው። ከኋላ በር ላይ የሚቆመው ልጅ ደግሞ «ረዳት» ይባላል። ወደ ኋላ ለመመለስም ለመተላለፍም ስሞክር ከኋላ ያለውን የሚያይልኝ እሱ ነው። «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ይለኛል። የፊቱንማ ዓይን አለኝ። ሰው የሚፈራው የማያየውን ነው። እናቶች ይከተልህ የሚሉት ለዚያ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ አንድ አባት መዝሙር እየደገሙ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። «ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ሲሉ ረዳቴ «እዚህ ነኝ አባቴ፣ ሒሳብ አልከፈሉም» አላቸው። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ስቀው ከፈሉ።

የቆሎ ተማሪ፦
ጋሼ፣ አልተማርኩም ብለው እኛን አስተማሩን። ረዳቱንም ሰላም በሉልኝ።

ባሕር ማዶ ያልሽው ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ሁለቱም አሉ። በዘጸአት ምዕራፍ 14 ላይ እስራኤልን ከፊት ሲመራ የነበረው የደመና ዓምድ፣ ፈርዖን ሲደርስባቸው ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላቸው ይሄዳል። በግብፃውያንና በእነሱ መካከል ይቆማል። እስካሁን «ይቅደም» የነበረው በአንድ ሌሊት «ይከተል» ሆነ ማለት ነው። ኢሳይያስ 52፥12 ላይ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ታገኛቸዋለህ፤ በፊታችሁ ይሄዳል፣ «ደጀን» ይሆናችኋል ይላል።

ደጀን የጦር ቃል ነው። በድሮው ሰልፍ ከፊት የሚሄደው ጦር አለቃ ፊታውራሪ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ሠራዊቱን የሚጠብቀው ደጀን። ሠራዊት የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከኋላው ሲመታ ነው። ስለዚህ ደጀን ሁን ብሎ መለመን ትንሽ ልመና አይደለም።

አገር አቋራጭ፦
ደጀን ስትል ሆዴን አባባኸው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስትሄድ ጎሐ ጽዮን ላይ ደርሰህ የአባይ በረሃን ቁልቁል ትይዛለህ። ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ይቆማል። ሲያንጎላጅ የነበረውም ይነቃል። ሴቶቹ ያማትባሉ፣ ሙስሊሞቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድልድዩን ተሻግረህ ሽቅብ ትወጣና የመጀመሪያዋ ከተማ ማን ናት? ደጀን። እዚያ ስንደርስ ሁሉም በአንዴ ማውራት ይጀምራል። ሻይ ይታዘዛል። እኔም ላቤን እጠርጋለሁ።

ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። «እሱ ያውቃል» እያሉ በላላ ፍሬን የሚወጡ ሾፌሮች አይቻለሁ። እሱማ ያውቃል! አንተ ግን ማወቅ አለብህ። በረሃውን የምወርደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ላይ ከተኛህ ይሞቅና ይከዳሃል። ጎማዬን ሳልመታ፣ ዘይቴን ሳላይ «በስመ አብ» ብዬ ቁልፍ አላዞርም። መጀመሪያ ጎማ፣ ከዚያ ጸሎት። ወይም ጸሎት፣ ከዚያ ጎማ። ብቻ ሁለቱም።

የደሴ ልጅ፦
ጋሼ ይበሉ! እኔ ጨርቁ ላይ ነው የመጣሁት። እኛ ወሎ «አላህ ያግራልህ» እንላለን። «ገራ» ማለት ለሰለሰ፣ ተመቸ፣ እንቢ ማለት ተወ ነው። የተገራ በቅሎ እንደሚባለው። «ያግራልህ» ሲሉ መንገዱ በቅሎ ሆኖ፣ እየፈረጠጠ እንዳያስቸግርህ ነው። ጨርቅም እንደዚያው ይመስለኛል። የዱሮ ሰው በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው። ድንጋይና እሾህ ላይ ለሚሄድ እግር ከጨርቅ የተሻለ ምን ይመኙለታል?

ፊደል ለቃሚ፦
እኔ ግን ሌላ ነገር ሰምቼ ነው ያደግኩት። ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል። መንገዱ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠርልህ ማለት ነው ይሉ ነበር ሰፈር ውስጥ።

የቆሎ ተማሪ፦
የደሴ ልጅ የምትለው ይበልጥ ያሳምነኛል። የሰፈርህ ትርጉም ቆንጆ ነው፣ ግን ኋላ የመጣ ይመስለኛል። «ጨርቅ ያድርግልህ» እንጂ «እንደ ጨርቅ ይጠቅልልልህ» አይባልም። ደግሞ ጨርቅ በአማርኛ ብዙ ቦታ ይውላል። «ጨርቄን ማቄን ሳይል ሄደ» ስንል ልብሴን ላንሳ፣ ዕቃዬን ልሰብስብ ሳይል ማለት ነው። «ጨርቁን ጣለ» ስንል ደግሞ አበደ። አንዱ ሳያመነታ የሄደ፣ ሌላው አእምሮው የሄደ። መንገዱ ብቻ ነው ጨርቅ ሆኖ የተጠቀመው።

«መንገድ» ራሱን ታውቃላችሁ? ግእዙ «ነገደ» ነው፤ ተጓዘ፣ ነገደ። ከዚያ ነጋዴ፣ ንግድ፣ መንገድ ወጡ። «እንግዳ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ተጓዥና እንግዳ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመሸበት መንገደኛ በር ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይለው የነበረው ለዚህ ነው። ማንነቱን ሳይጠይቅ። እግሩ ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርብለታል። መንገደኛው ይከተልህ ተብሎ የወጣው በአንድ መንደር ነው፤ የተፈጸመለት በሌላ መንደር፣ በማያውቀው ሰው እጅ።

ባሕር ማዶ፦
ይሄን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፍራንክፈርት የመጣሁ ቀን ባቡር ጣቢያ ላይ አንዲት ኤርትራዊት እናት ፊቴን አይታ «ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ። የእግዜር እንግዳ ነኝ አላልኩም። ግን ገባት። ሦስት ቀን ሶፋዋ ላይ ተኛሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። «በሰላም ያግባሽ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያገባው ማነው? ስሙ የለም እኮ።

ፊደል ለቃሚ፦
እኔም ዛሬ ጠዋት እሱን ነበር የማስበው! ቆጠርኩ። ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» እንላለን፤ እሱም «ያኑርህ» ይለናል። ለቅሶ ቤት «ያጥናችሁ»። ሰላምታው «ጤና ይስጥልኝ»። ማን ይማር? ማን ያኑር? ማን ያጥና? ማንም አይጠይቅም። ግሱ ውስጥ «እሱ» ተደብቆ ተቀምጧል። አማርኛ እግዜርን ስሙን ሳይጠራ ቀኑን ሙሉ ሲያሠራው ይውላል። አንዳንዴ የማያምን ጓደኛዬ እንኳ ሲያስነጥሰኝ «ይማርህ» ይለኛል። ማን? ብዬ ባፋጥጠው ደስ ይለኛል፣ ግን ይማርህ ያለውን ሰው አያፋጥጡም።

የቆሎ ተማሪ፦
ሙሉ ስሙም ቢሆን የመንገደኛ ስም ነው። «እግዚአ ብሔር» የአገር ጌታ ማለት ነው። ብሔር በግእዝ አገር፣ ምድር፣ የምድሩም ሰው ነው። (ዛሬ ብሔር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አንነሳም፣ ውይይቱ እንዳይዘጋብን።) ሰው ከአገሩ ቢወጣ ከአገር ጌታ አይወጣም ማለት ነው። አያትህ ዋሽንግተንን ባያውቁትም የሚሸኙት ባለቤት ወዳለው አገር ነው።

የደሴ ልጅ፦
«ያግባሽ» ላይ ግን ቆም እንበል። ለምን «ያድርስሽ» ብቻ አይሉም?

የቆሎ ተማሪ፦
ይላሉ፣ ግን «ያግባ» ይበልጣል። የደረሰ ሰው በር ላይ ሊቆም ይችላል። የገባ ሰው ግን ቤት ውስጥ ነው። እኛ ኑሮን የምንለካው በወጥቶ መግባት ነው። «ልጆቼ ወጥተው ይግቡልኝ» ትላለች እናት በየጠዋቱ። ትልቁ ፍርሃት ደግሞ «ወጥቶ ቀረ» ነው፤ ሞተ እንኳ አይደለም፣ ቀረ። በግእዙ ዳዊት 120ኛው፣ በአማርኛው 121ኛው ላይም ያለው ይሄው ነው፤ «መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል»። ትዳሩም ከዚያው ነው የመጣው፤ ሙሽራ ወደ ቤት ትገባለች፣ ሙሽራው ያስገባታል፣ አገባት። ስለዚህ የአክስትህ ልጅ ሳቋ ከሰዋስው ውጭ አይደለም።

ባሕር ማዶ፦
እናቴ እስካሁን ማታ ማታ በስልክ አንድ ቃል ትልክልኛለች። «ገባሽ?» በቃ። 11 ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ጋር የተያያዘ ነገር እያስረዳችኝ መስሎኝ «አዎ ገባኝ» ብዬ መለስኩላት። ቤት ገባሽ ወይ ነው ለካ። ገባሁ ማለት ነበረብኝ። አንድ ፊደል ነው የሚለየው፣ ግን እሷ እስክደውልላት አልተኛችም።

የደሴ ልጅ፦
ወይኔ እናት!

እምነት የሚባለውንስ? ስለ መታመን እያወራን እኮ ነው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን የሚያመጡትን አመድ «እምነት» ይሉታል። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን እትዬ ራሳቸውን ሲያማቸው «ትንሽ እምነት አምጪልኝ» ሲሉኝ ግራ ይገባኝ ነበር። በብልቃጥ የሚቀመጥ እምነት!

ፊደል ለቃሚ፦
አያቴ በጣም ትንሽ ፌስታል አስረው እህቴ ሻንጣ ውስጥ ከተዋል። በሶ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ከዚያ እምነት። ወንድሜ «የጉምሩክ ሰዎች ምንድነው ይህ ካሉሽ ምን ትያለሽ?» ሲላት፣ «እምነት ነው እላቸዋለሁ» አለች።

ፊደል ለቃሚ፦
ቤተሰብ፣ አሁን ደረሰች። የላከችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ገባሁ። አንዱ ሻንጣ ግን አልገባም።» እምነቱ ያለበት ሻንጣ ነው። ለአያቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ተመስገን» አሉ። ትንሽ ቆዩና፦ «ሻንጣውንም እሱ ያግባው።»